ሃሮልድ ቫንደርቢልት

ሃሮልድ ስተርሊንግ ቫንደርቢልት (ሰኔ 30 ቀን 1876 ዓ.ም. ተወለደ፤ ሰኔ 27 ቀን 1962 ዓ.ም. ሞተ) አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ባለሀብት፣ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪና የካርታ ተጫዋች ነበር። በሸራ ጀልባ ውድድር የአሜሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ተከላክሎ አሸንፏል። በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰው አፍ ስሙ እንዲነሣ ያደረገው ግን ኮንትራት ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ዛሬ በየክበቡ፣ በየውድድሩና በየመንገደኛ መርከቡ የሚጫወቱት ብሪጅ የነጥብ አቆጣጠሩን ያገኘው ቫንደርቢልት በ1925 በአንድ መርከብ ላይ ሲጓዝ ካዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰብና ልጅነት

የቫንደርቢልት ቤተሰብ ሀብት የተጀመረው በውኃ ላይ ነው። የሃሮልድ ቅድመ አያት ኮርኔልየስ ቫንደርቢልት (1794–1877) በኒውዮርክ ወደብ ሰውና ዕቃ በጀልባ በማሻገር ሥራ ጀመረ፤ ቀጥሎ የእንፋሎት መርከቦች ባለቤት ሆነ፤ በመጨረሻም ገንዘቡን ወደ ባቡር ሐዲድ አዞረና በዘመኑ ከአሜሪካ ሀብታሞች ሁሉ የላቀ ሰው ሆነ። በ1873 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል ከተማ ለሚቋቋም ዩኒቨርሲቲ አንድ ሚልዮን ዶላር ሰጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም በስሙ ተጠራ።

ሃሮልድ የተወለደው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ፣ ኦክዴል በተባለ ቦታ ነው። አባቱ ዊልያም ኪሳም ቫንደርቢልት፣ እናቱ አልቫ ስሚዝ ይባላሉ። ከሦስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። እኅቱ ኮንስዌሎ በ1895 የእንግሊዙን የማርልቦሮ መስፍን አገባች፤ በእናቷ ግፊት የተፈጸመ ጋብቻ እንደነበር በኋላ ራሷ መስክራለች። በዚያው ዓመት አባትና እናቱ ተፋቱ። ሃሮልድ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። ፍቺ በዚያ ዘመን በሀብታሞቹ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ጋዜጦች ለወራት አወሩበት። እናቱ አልቫ ግን አንገቷን የምትደፋ ሴት አልነበረችም፤ በማግሥቱ ዓመት ሌላ ባል አገባች፤ ቆይታም ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት የአሜሪካ ሴቶች ግንባር ቀደም አንዷ ሆነች።

ልጁ በቤት አስተማሪዎችና በሴንት ማርክስ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሃርቫርድ ገብቶ በ1907 ተመረቀ፤ ከዚያም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። የሕግ ትምህርቱን ለጥብቅና አልተጠቀመበትም። ዕድሜ ልኩን ግን የሕግ አርቃቂ ጠባይ አልለቀቀውም፤ በባሕርም በካርታ ጠረጴዛም የሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች ደንብ የመጻፍ ሥራዎች ናቸው።

ብሪጅ ከቫንደርቢልት በፊት

ብሪጅን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በ1925 የሆነው ነገር ትርጉም አይኖረውም።

ጨዋታው በአራት ሰዎች ይካሄዳል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለቱ ወገን ናቸው። 52 ካርታ ለአራት ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በየተራ አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ አራት ካርታ አንድ ዙር ይሆናል፤ በዙሩ ትልቁን ካርታ የጣለው ዙሩን ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ እደላ 13 ዙሮች አሉ። ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ የገዢው ዓይነት ትንሽ ካርታ የሌላውን ዓይነት ትልቅ ካርታ ይበላል። የቱ ዓይነት ገዢ እንደሚሆን የሚወሰነው ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ ጨረታ ነው። እያንዳንዱ ወገን ከስድስት ዙር በላይ ስንት እንደሚወስድ እየጨመረ ይጫረታል፤ ያሸነፈው ወገን ገዢውን ይወስናል፤ የተጫረተውን ያህል ዙር ካላገኘም ይቀጣል።

ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተስፋፍቶ የነበረው ኦክሽን ብሪጅ፣ በግልጽ አማርኛ የጨረታ ብሪጅ፣ አንድ ጉድለት ነበረበት። አንድ ወገን በዝቅተኛ ዋጋ ተጫርቶ ብዙ ዙር ቢወስድ የወሰደው ሁሉ ወደ ጨዋታው ማሸነፊያ ይቆጠርለት ነበር። ስለዚህ ካርታው የሞላለት ሰው እውነተኛ አቅሙን የሚናገርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ዝም ብሎ በትንሹ ይጫረትና ትርፉን ይሰበስባል። የጅማን፣ የአጋሮንና የሊሙን ቡና የሚነግድ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ በሚካሄደው የቡና ጨረታ ዋጋ የሚጠራ ሰው የጠራውን ይከፍል ነበር፤ ትንሽ ጠርቶ ብዙ መውሰድ የሚቻልበት ጨረታ ቢኖር ማንም ትክክለኛውን ዋጋ ባልጠራ። በኦክሽን ብሪጅ የሆነው ይኸው ነው፤ ጨረታው ነበር፣ ሥራው ግን ጎድሎ ነበር።

ፈረንሳዮች ይህን ቀደም ብለው አይተው ፕላፎን የተባለ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ቃሉ ጣሪያ ማለት ነው። ተጫዋቹ እስከ አቅሙ ጣሪያ ድረስ መጫረት ነበረበት፤ ወደ ማሸነፊያው የሚቆጠርለትም የተጫረተው ብቻ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የነጥቡ ሚዛን የተስተካከለ አልነበረም፤ ከፈረንሳይ ውጭም ብዙ አልሄደም።

ቫንደርቢልት ብሪጅን በትጋት መጫወት የጀመረው በ1906 ነው። ከ1910 እስከ 1920 አጣማጁ ጆሴፍ ኤልዌል ነበር። ኤልዌል ሀብታሞችን ብሪጅ በማስተማርና ስለ ጨዋታው መጻሕፍት በመጻፍ የሚኖር ሰው ነበር፤ የሁለቱ ጥምረት በአሜሪካ ከሁሉ የበረታ ይባል ነበር። በሰኔ ወር 1920 ኤልዌል ኒውዮርክ በሚገኘው ቤቱ በጥይት ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቫንደርቢልት አስተማሪም አጣማጅም አጣ፤ ጨዋታውን ግን አልተወም።

በፊንላንድ መርከብ ላይ

በ1925 በመከር ወራት ቫንደርቢልት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር፣ ከፍሬደሪክ አለን፣ ከፍራንሲስ ቤከንና ከደድሊ ፒክማን ጋር፣ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና በሚጓዘው ፊንላንድ በተባለው መርከብ ተሳፈረ። በመርከብ ላይ ካርታ መጫወት የተለመደ ነገር ነበር፤ ረጅሙን የባሕር ቀን የሚያሳልፉበት ሌላ ብዙ መንገድ አልነበረም። በአትላንቲክ መርከቦች ላይ እንዲያውም ሀብታም መንገደኞችን አጫውተው ለመግፈፍ ብቻ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሱ ቁማርተኞች ነበሩ። የእነዚህ አራት ሰዎች ጨዋታ ግን የጓደኛሞች ጨዋታ ነበር። ቫንደርቢልት ለዓመታት በኦክሽን ብሪጅ ሲማረር ስለነበር አዲስ የነጥብ ዘዴ ሊሞክር አስቦ ነበር፤ አራት ፈቃደኛ ሰዎችና ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት የሌላቸው መንገደኞች የተገኙት እዚያ ነው።

ጥቅምት 21 ቀን 1918 ዓ.ም. (ኦክቶበር 31 ቀን 1925) መርከቡ በቦዩ የፓስፊክ ጫፍ ከምትገኘው ባልቦዋ ደረሰ። መሽቶ ስለነበር ቦዩን ማቋረጥም ከመርከብ መውረድም አልተፈቀደም። በዚያ ሌሊት አራቱ ፕላፎን ሲጫወቱ አንዲት ወጣት ሴት ከእነርሱ ጋር እንድትጫወት ተፈቀደላት። ሴትዮዋ ቻይና ሳለሁ ተጫውቼዋለሁ ከምትለው ጨዋታ እየወሰደች ያልተለመዱ፣ ለመሥራትም የማያመቹ ደንቦች ታቀርብ ጀመር። ከ50 ዓመት በኋላ ቤከን እንዳስታወሰው ይህ ቫንደርቢልትን በጣም አናደደው፤ በማግሥቱ መርከቡ ቦዩን ሲያቋርጥ ተቀምጦ የራሱን የነጥብ ሠንጠረዥ ሠራ። በዚያው ቀን ማታ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1918 ዓ.ም.፣ ኮንትራት ብሪጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጥብ ተቆጥሮ ተጫወቱት። ሃቫና እስኪደርሱ ድረስም ሌላ አልተጫወቱም።

የሠንጠረዡ ዋና ነጥብ የፕላፎን ሐሳብ ነው፤ ወደ ማሸነፊያው 100 ነጥብ የሚቆጠረው በጨረታ የተዋዋሉት ብቻ ነው። ኮንትራት የሚለው ስምም ከዚህ መጣ፤ ውል ማለት ነው። ተዋውሎ ያላደረሰ ይቀጣል፤ ከተዋዋለው በላይ ያመጣ ትርፉ በጎን ይጻፍለታል እንጂ ወደ ማሸነፊያው አይቆጠርለትም። የቫንደርቢልት የራሱ አስተዋጽኦ ግን ሌላ ነው። 12 ወይም 13ቱንም ዙር እወስዳለሁ ብሎ ለሚዋዋል ደፋር ትልቅ ጉርሻ መደበ፤ ይህ በእንግሊዝኛ ስላም ይባላል። ሁለተኛ፣ አንድ ጨዋታ ያሸነፈ ወገን ከዚያ በኋላ ቅጣቱም ጉርሻውም እንዲከብድበት አደረገ። ለዚህ ሁኔታ ስም ጠፍቶ ሳለ ያቺው ወጣት ሴት ተጋላጭ የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል አቀረበች፤ ቃሉ በዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሦስተኛ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ለስሌት በሚመች መንገድ አጠጋጋቸው። በኦክሽን ብሪጅ የአንድ ዙር ዋጋ እንደ ካርታው ዓይነት 6፣ 7፣ 8፣ 9 ወይም 10 ነበር። እርሱ ለሁለቱ ዝቅተኛ ዓይነቶች 20፣ ለሁለቱ ከፍተኛ ዓይነቶች 30፣ ያለ ገዢ ለሚጫወት 35 አደረገው። በኋላ ከተለወጠው ጥቂት ነገር አንዱ ይህ 35 ነው፤ ዛሬ የመጀመሪያው ዙር 40፣ ቀሪዎቹ 30 ናቸው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ንጽጽር ቢጨመር አይጎዳም። ገበጣ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ይጫወቱታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ጅማ ያደገ ሰውና ጎንደር ያደገ ሰው አንድ ገበጣ ፊት ቢቀመጡ መጀመሪያ በደንቡ መስማማት አለባቸው። በአገራችን ሰንጠረዥም ጨዋታው ሲጀመር ወረራ የተባለ ክፍል ነበረ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። እነዚህ ጨዋታዎች ደንባቸውን የሠራላቸው ሰው አይታወቅም። ኮንትራት ብሪጅ ከዚህ የተለየ ነው፤ ደንቡ የተሠራበት ቀን፣ ቦታውና ሠሪው ይታወቃሉ።

የጨዋታው መስፋፋት

ቫንደርቢልት ጨዋታውን ለማስፋፋት ያደረገው ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ በታይፕ የተጻፈውን ሠንጠረዥ ለጥቂት ጓደኞቹ አደለ። እነርሱ ተጫወቱት፤ ያያቸውም ተጫወተው። በ1927 የኒውዮርኩ ዊስት ክለብ ለኮንትራት ብሪጅ ደንብ አወጣ። አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ ኦክሽን ብሪጅን የሚጫወት ሰው እያነሰ ሄዶ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለም የተጫወተውን ጨዋታ አንድ ወረቀት በአራት ዓመት ውስጥ ተካው ማለት ነው። ኦክሽንን በማስተማርና ስለ እርሱ በመጻፍ ይኖሩ የነበሩ አዋቂዎች ባንድ ጊዜ እንደ ጀማሪ ሆኑ።

በ1928 ቫንደርቢልት ለቡድኖች ውድድር የሚሆን ዋንጫ ሰጠ። የቫንደርቢልት ዋንጫ በአሜሪካ ከሚካሄዱት የብሪጅ ውድድሮች እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ራሱ ቫንደርቢልትም በ1932ና በ1940 ከቡድኑ ጋር አሸንፎታል፤ ባለጸጋው ሰጪ ስለሆነ የሰጡት አይደለም፤ ከዘመኑ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ለእያንዳንዱ አሸናፊ የዋንጫው ትንሽ ቅጂ በራሱ ወጪ ይሰጥ ነበር፤ ከሞተ በኋላም እንዳይቋረጥ ገንዘብ ተናዞበታል።

በ1929 ስለ አዲሱ ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በመጽሐፎቹ ያቀረበው የጨረታ ስልት ከሌሎች የተለየ ነበር። ካርታው በጣም የሞላለት ተጫዋች ስለ ካርታው ዓይነት ሳይናገር ዝቅተኛውን ጨረታ ይጠራል፤ ጥሪው ለአጣማጁ እጄ ጠንካራ ነው የሚል ምልክት ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ምስጢር ቋንቋ ቆጥረው አልወደዱትም። ስለዚህም ሕዝቡን ያስተማረው ቫንደርቢልት ሳይሆን ኢላይ ካልበርትሰን ሆነ። ካልበርትሰን ሩማንያ ውስጥ የተወለደ፣ አንደበተ ርቱዕና ማስታወቂያ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1930 ያወጣው መጽሐፍ በብዛት ተሸጠ፤ ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ ከሲድኒ ሌንዝ ጋር ያደረገው ግጥሚያ በጋዜጦች የፊት ገጽ ይወጣ ነበር፤ በ8,980 ነጥብም አሸነፈ። ብዙ ሰው ብሪጅን የፈጠረው ካልበርትሰን እንደሆነ ያምን ነበር። ቫንደርቢልት ገንዘብ አልቸገረውም፤ ዝናም የሚፈልገው ከሌላ ቦታ ነበር፤ ስለዚህ አልተከራከረም። የእርሱ የጨረታ ስልት ግን ጊዜውን ጠብቆ ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ዓለምን ለዓመታት ያሸነፉት ጣልያኖች ከተጠቀሙባቸው ስልቶች ዋናዎቹ፣ እንዲሁም ቻይና ተወልዶ አሜሪካ በመርከብ ንግድ የተሰማራው ሲ. ሲ. ዌይ በ1960ዎቹ ያወጣው ፕሪሲዥን የተባለው ስልት በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

በሸራ ጀልባ

ቫንደርቢልት ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕር ይወድ ነበር። በ1910 ወደ ቤርሙዳ በሚደረገው ውድድር ቫግራንት በተባለችው ጀልባው አሸነፈ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግሏል። የአሜሪካ ዋንጫ ከ1851 ጀምሮ እስከ 1983 ድረስ የኒውዮርክ ጀልባ ክለብ ይዞት የቆየ ሽልማት ነበር፤ እንግሊዞች ደጋግመው ሞክረው አልወሰዱትም። በ1930 የሻይ ነጋዴው ሰር ቶማስ ሊፕተን ለአምስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ቫንደርቢልት በኢንተርፕራይዝ 4 ለ 0 አሸነፈው። ሊፕተን ሽማግሌና የተወደደ ሰው ስለነበር አሜሪካውያን ሳይቀሩ አዘኑለት።

ከሁሉ የሚነሣው የ1934ቱ ውድድር ነው። አውሮፕላን ሠሪው ቶማስ ሶፕዊዝ ያመጣት ኢንዴቨር ከቫንደርቢልት ሬይንቦው የፈጠነች ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፈች። በሦስተኛውም ስትቀድም ቫንደርቢልት የጀልባዋን መሪ ለሸርማን ሆይት አስረክቦ ቡናና ሳንድዊች ሊቀምስ ወደ ታች ወረደ ይባላል። ሆይት ሶፕዊዝን በማያስፈልግ መዞር ውስጥ አስገብቶ አለፈው። በአራተኛው ዙር ሶፕዊዝ ቫንደርቢልት መንገድ ከለከለኝ ብሎ ክስ አቀረበ፤ ዳኞቹ ግን የተቃውሞ ባንዲራውን በጊዜው አልሰቀልክም በማለት ክሱን ሳያዩ ጣሉት። ሬይንቦው 4 ለ 2 አሸነፈች። እንግሊዞች ብቻ ሳይሆኑ አሜሪካውያን ጋዜጠኞችም ነገሩን አልወደዱትም፤ ድሉ ጥላ አጠላበት።

ቫንደርቢልት ለዚህ የሰጠው መልስ የእርሱ ጠባይ ነው። የመንገድ ቅድሚያ ደንቡ ራሱ አሻሚ መሆኑን አምኖ እንደ አዲስ ሊጽፈው ተቀመጠ። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚለቅ ያወጣው ደንብ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በ1960 አካባቢም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚሠራበት ደንብ መሠረት ሆነ።

በ1937 ሬንጀር የተባለችውን ጀልባ በራሱ ገንዘብ አሠራ፤ የነደፏት ስታርሊንግ በርጀስና ወጣቱ ኦሊን ስቲቨንስ ናቸው። በዚያ አንድ በጋ ከገባችባቸው 34 ውድድሮች 32ቱን አሸነፈች፤ የሶፕዊዝንም ሁለተኛ ጀልባ 4 ለ 0 ረታች። በ1933 ያገባት ሚስቱ ገርትሩድ ኮናዌይ በጀልባዋ ላይ ከባሕረኞቹ ጋር ነበረች፤ በዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነው። ሬንጀር በ1941 ለብረትዋ ስትባል ተሸጣ ተበታተነች። ልጅ አልነበራቸውም።

የባቡር ሐዲዱና ዩኒቨርሲቲው

አባቱ በ1920 ሲሞት ሃሮልድ ትልቅ ሀብትና በኒውዮርክ ሴንትራል የባቡር ሐዲድ ላይ ድርሻ ወረሰ፤ ለአሥርት ዓመታትም በድርጅቱ ቦርድ ተቀመጠ። በ1954 ሮበርት ያንግ የተባለ ባለሀብት የባለአክስዮኖችን ድምፅ አሰባስቦ ቦርዱን አሸነፈ፤ ቫንደርቢልትም ወንበሩን አጣ። በቅድመ አያቱ ጊዜ ተጀምሮ ወደ ዘጠና ዓመት የቆየው የቤተሰቡና የሐዲዱ ግንኙነት በዚሁ አበቃ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1955፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነ፤ እስከ 1968 በዚህ ሥራ ቆየ። ለዩኒቨርሲቲው ብዙ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ሐውልቱም በግቢው ውስጥ ቆሟል። የዘመኑ ከባድ ጉዳይ ግን ገንዘብ አልነበረም። በመጋቢት ወር 1960 ዩኒቨርሲቲው የነገረ መለኮት ተማሪ የነበረውን ጥቁሩን ጄምስ ላውሰንን አባረረው። ምክንያቱ ላውሰን በናሽቪል ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይበሉ በሚከለክሉ ምግብ ቤቶች በሰላም የመቀመጥ ተቃውሞ እንዲያደርጉ ተማሪዎችን ማሠልጠኑ ነው። ብዙ የነገረ መለኮት መምህራን ሥራቸውን እንለቃለን አሉ፤ ነገሩ በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ። በ1962 ቦርዱ ዩኒቨርሲቲው ዘር ሳይለይ ተማሪዎችን እንዲቀበል ወሰነ። ለጀልባና ለካርታ ትክክለኛ ደንብ ፍለጋ ሌት ተቀን የደከመው ሰው ይመራው የነበረው ቦርድ እዚህ ላይ ዘግይቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

ቫንደርቢልት የብሪጅ ደንብ አርቃቂዎች ኮሚቴ አባል ሆኖ ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ሠርቷል። በ1960 ቱሪን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተካሄደው የዓለም የብሪጅ ቡድኖች ኦሊምፒያድ ዋንጫ ሰጠ፤ ፈረንሳይ ወሰደችው። በ1964 የብሪጅ ታላላቆች መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ የተመረጡት ሦስት ሰዎች እርሱ፣ ካልበርትሰንና ቻርልስ ጎረን ናቸው። በዚያው ዓመት ሰማኒያ ዓመት ሞልቶት ሳለ ስለ ጨረታ ስልቱ የመጨረሻ መጽሐፉን አሳተመ። 86 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሮድ አይላንድ፣ በኒውፖርት ከተማ በሚገኘው ቤቱ ሞተ።

ብሪጅ በመርከብ ላይ

ፊንላንድ መርከብ ዝነኛ ሳይሆን በ1928 ተበታትኖ ለብረት ተሸጠ። በመርከብ ላይ የተሠራው ጨዋታ ግን ከመርከብ አልወረደም። ሰዎች ከቦታ ወደ ቦታ ለመድረስ በአውሮፕላን መጓዝ ሲጀምሩ መንገደኛ መርከቦች የመዝናኛ መርከቦች ሆኑ፤ ብሪጅም ከመዝናኛው አንዱ ክፍል ሆነ። ዛሬ በብዙዎቹ ረጅም ጉዞዎች ላይ አስተማሪ አብሮ ይሳፈራል፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ ለሥራቸውም ማረፊያ ክፍልና ምግብ ይሰጣቸዋል። መርከቡ ወደብ በማይገባባቸው ቀናት ጠዋት ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋቾች ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ውድድር ይመራሉ።

ውድድሩ የሚካሄደው በድግግሞሽ ዘዴ ነው። አንዴ የታደሉት ካርታዎች ሳይደባለቁ በትንሽ መያዣ ውስጥ ሆነው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ያንኑ እጅ ይጫወታል፤ ማን እንደበለጠ የሚታወቀውም መጥፎ ካርታ ደረሰኝ በሚል ሰበብ ሳይሆን ሌላው በዚያው ካርታ ምን እንዳደረገ በማነጻጸር ነው። ብቻውን ለተሳፈረ ሰው አጣማጅ መፈለግም የአስተማሪው ሥራ ነው። የሰሜን አሜሪካ የብሪጅ ማኅበር ፈቃድ ባለበት መርከብ ላይ ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው ነጥብ እንደ የብስ ውድድር ሁሉ በስሙ ይመዘገብለታል።

በባልቦዋ ከአራቱ ጋር የተጫወተችው ወጣት ሴት ማን እንደነበረች ቫንደርቢልት በኋላ ሊያስታውስ አልቻለም። የብሪጅ ታሪክ ጸሐፊዎች ሊያገኟት ሞክረዋል፤ ስሟ እስካሁን አልተገኘም።